ፊርማው የማን ነው? ስለ ኮንሰርት ፎቶ ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከወሎ የመጡልን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል። ሰው የመድረክ ፎቶ መሰብሰብ ጀምሯል። በስልክ ተነስቶ በስልክ የሚቀረውን ማለቴ አይደለም። ፎቶ አንሺው ራሱ መርጦ፣ በደህና ወረቀት አሳትሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ የፈረመበትን ነው። በጣም ደስ ብሎኛል። የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ አራዳ ነው የምኖረው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለልደቴ ፎቶ ሊገዛልኝ ነው። የምፈልገው አሜሪካዊው የሮክ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታሩን ሲያቃጥል ጂም ማርሻል ያነሳውን ነው። ዋጋው ግን ግራ አጋባኝ። አንዱ ጋ በጥቂት ዶላር፣ ሌላው ጋ በሺዎች። ሁለቱም «የተፈረመ» ይላሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አብሽር፣ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር ነው። «የተፈረመ» መባሉ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ማን ፈረመ? መቼ ፈረመ? ምን ላይ ፈረመ? እነዚህን ካላወቅክ ሁለቱን ዋጋ ማወዳደር አትችልም።

መጀመሪያ ፎቶውን ለይ። ሄንድሪክስ ጊታሩን ያቃጠለው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሞንቴሬይ በተካሄደው ፌስቲቫል ላይ፣ በጁን 1967 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያን ምሽት ካሜራ የያዘው ማርሻል ብቻ አልነበረም። ኤድ ካራፍ የሚባል የ17 ዓመት ልጅም ከመድረኩ ሥር ነበር፣ እና ብዙ ሰው የሚያውቀው የነበልባሉ ፎቶ የእሱ ነው። ስለዚህ ወንድምህ ከመክፈሉ በፊት የትኛው ፎቶ እንደሆነና የማን እንደሆነ ያረጋግጥ።

ቀጥሎ ጊዜው። ማርሻል ያረፈው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመ ፎቶ ላይ እሱ ሊፈርም አይችልም። አሁን ገበያው ላይ በስሙ የምታገኘው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በሕይወት እያለ ታትሞ በእጁ የፈረመበት ነው፤ ውዱ እሱ ነው። ሌላው ከሞተ በኋላ ሥራዎቹን የሚያስተዳድሩት ወራሾች ከራሱ ኔጋቲቭ ያሳተሙት ነው፤ ማኅተም ይኖረዋል፣ ፊርማው ግን የእሱ አይደለም። ሦስተኛው ፖስተር ነው። ፊርማው ራሱ አብሮ በማሽን የታተመ ነው። ሦስቱንም በስማቸው ጠርቶ የሚሸጥ ሰው ምንም ጥፋት የለበትም። ችግሩ ሦስተኛውን በአንደኛው ስም ሲሸጡት ነው።

እንዴት ይለያል? ፎቶውን ወደ መብራት ዘንበል አድርገህ ፊርማውን በአጉሊ መነጽር ተመልከተው። በእርሳስ ወይም በብዕር የተጻፈ መስመር ወረቀቱን ጫን ያደርገዋል፣ የራሱ የሆነ ነጸብራቅ አለው፣ እጅ ጠንከርና ላላ ያለበት ቦታ ይታያል። በማሽን የታተመ ፊርማ ግን ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ይበታተናል። ወንድምህ ርቆ ከሆነ ሻጩን የፊርማውን ፎቶ በጣም ቀርቦ እንዲያነሳ ይጠይቀው። ካላነሳ ይተወው።

አንድ ነገር ልጨምር። የማርሻል ፊርማ ያለበት የሄንድሪክስ ፎቶ ሌላ ነው፣ የራሱ የሄንድሪክስ ፊርማ ያለበት ፎቶ ሌላ ነው። ሄንድሪክስ የሞተው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። የእሱን ፊርማ አስመስሎ መሸጥ የቆየ ሥራ ስለሆነ በሩቅ ሆኖ እዚያ ውስጥ ባትገባ እመርጣለሁ።

ቁጥሩንም ጠይቅ። 12/50 ከተባለ 50 ታትሞ ያንተ አሥራ ሁለተኛው ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ይበልጣል የሚሉህን አትስማ። በድሮ የመዳብ ህትመት ላይ ሰሌዳው እየተበላ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ይሻሉ ነበር። ፎቶ ላይ ግን ኔጋቲቩ አይበላም፣ አንደኛውም ሃምሳኛውም እኩል ናቸው። እንዲያውም አንዳንድ ፎቶ አንሺዎች ቁጥሩ እያለቀ ሲሄድ ዋጋ ስለሚጨምሩ የመጨረሻዎቹ ውድ ይሆናሉ። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። 50 ያሉት በዚህ መጠን ብቻ ነው ወይስ በአጠቃላይ? በትንሹ 50፣ በትልቁ ደግሞ ሌላ 50 ካለ ያለው 100 ነው። «ኤ.ፒ.» የሚል ካየህ ፎቶ አንሺው ከቁጥሩ ውጭ ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ነው።

የማረጋገጫ ወረቀት አለው ቢሉህ ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀቱን ማንም ያትመዋል። ማን እንደሰጠው፣ ያ ጋለሪ ዛሬም ሲጠየቅ መልስ እንደሚሰጥ አጣሩ። ማን እንዳተመው፣ መቼ እንደታተመ፣ በምን ወረቀት እንደሆነና ማን እንደፈረመ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሻጭ ይህን ለመጻፍ አያቅማማም።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ እነግዳለሁ። ገንዘቤን እንዲህ ዓይነት ፎቶ ላይ ባውለው ያተርፋል?

መልስ፦ ለትርፍ ብለው ከሆነ አይግዙ። ዋጋቸው የጨመረ አሉ፣ ግን በጣም ጥቂት ስሞች ናቸው። ሊሸጡት በፈለጉ ቀን ገዢ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እዚህ ሀገር ይቅርና እዚያም። ወደውት በየቀኑ የሚያዩት ከሆነ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ የተፈረመ ጥቁርና ነጭ የኮንሰርት ፎቶ አመጣልኝ። ላሚኔት ላስደርገው ስል ልጄ አስቆመችኝ። ሳሎን ውስጥ ቡና ከማፈላበት በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አስቤያለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ልጅሽን ሳሚልኝ። ላሚኔት ማለት ሙቀትና ሙጫ ነው። አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም፣ ፊርማውም ፎቶውም ፕላስቲክ ውስጥ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ሰብሳቢ አይገዛሽም።

ከቡናው በላይ ያለውንም ግድግዳ ተይው። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ቅባት አለው። እጣኑ ሲጨመርበት ደግሞ በየቀኑ ቀጭን ቡናማ ሽፋን እየጣለ ይሄዳል። የግድግዳሽን ቀለም ካየሽ ታውቂዋለሽ። ፍሬሙ ጀርባው በደንብ ካልታሸገ ጭሱ ውስጥ ይገባል፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስሉ የሚሠራው ከብር ስለሆነ የተበከለ አየር ያበላሸዋል። ብሩ ይጠቁራል ወይም ይቢጫል። ቡናውን አታቁሚ፣ ፎቶውን አዙሪው። ከቡናው ትይዩ ያለው ግድግዳ ይሻላል፣ መኝታ ቤት ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው።

ፀሐይ የሚመታው ግድግዳም አይሆንም። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ አይደለም። በመንገድ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብትራራቁም ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ጭጋግ ውስጥ ናት፣ እናንተ ዝቅ ብላችሁ ሙቀት ውስጥ ናችሁ። ያንቺ ትልቁ ጠላት ብርሃን ነው። የደሴ አንባቢዎች ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልብስ እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲሻግት። ለፎቶ የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይይዘዋል።

አሁን ፍሬም ቤት ስትሄጂ የምትይውን ልንገርሽ። ፎቶው መስታወቱን መንካት የለበትም። የፎቶው ፊት ላይ ያለው ጀላቲን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ምስሉን ይዞ ይነሳል። ስለዚህ በመሃል መስኮት የተቆረጠለት ወፍራም ካርቶን ይግባ። ካርቶኑ አሲድ የሌለው ይሁን። እዚያ ካላገኘሽ ከአዲስ አበባ አስመጪ፣ ወጪው ያዋጣሻል፣ ምክንያቱም ተራ ካርቶን ከጊዜ በኋላ ይቢጫልና ቢጫውን ለፎቶው ያስተላልፋል። ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ እንዳይለጥፉት። ስኮችም እንዳይነካው። አራቱ ጥግ ላይ በወረቀት ኪስ ይያዝ፣ ያ በቂ ነው። ፊርማው ከታች ነጩ ጠርዝ ላይ ከሆነ ካርቶኑ እንዳይሸፍነው መስኮቱን ሰፋ አድርገው እንዲቆርጡ ንገሪያቸው። ነጩ ጠርዝ ትርፍ መስሏቸው እንዳይቆርጡት ደግሞ አጠገባቸው ቁሚ። እውነቴን ነው፣ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ከፍሬሙ ጀርባ፣ ከታች ሁለቱ ጥግ ላይ፣ ትንንሽ የቡሽ ቁራጭ ይለጠፍ። ፍሬሙ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ሲል አየር ያልፋል። ይህ ለደሴዎችም ይሠራል። የደሴ ሰው ደግሞ ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ ይልቅ በክፍልና በክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ ይምረጥ።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው የምጽፈው። በደርግ ጊዜ የኪነት ዝግጅት ሲኖር ካሜራ ይዤ እዞር ነበር። ወልድያም ደሴም ብዙ አንስቻለሁ። ኔጋቲቮቹ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ናቸው። ልጆቼ «አሳትመህ ፈርመህ ሽጥ» ይሉኛል። የሚገዛ ሰው ይኖራል? እንዴትስ ነው የሚፈረመው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ይገዛል። እኔም እገዛለሁ።

ምክንያቴን ልንገርዎ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎን ስም የያዙ ናቸው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይቸግራል። ድምፁ በካሴት ተርፏል። ያ ድምፅ የወጣበት መድረክ፣ ማሲንቆ የያዘው ሰው ፊት፣ እስክስታ ወራጆቹ ጥግ ላይ ቆመው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሕዝብ፣ ይህ ግን በየሰው ቤት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። በጦርነቱ ጊዜ ወልድያም ደሴም ስንት ቤት እንደተዘረፈ ያውቃሉ። የእርስዎ ጣሳ ተርፏል። ስለዚህ ከመሸጡ በፊት ማዳኑ ይቅደም።

ጣሳውን ከፍተው ያሽትቱ። አቼቶ አቼቶ ካለ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። የድሮ ፊልም የተሠራበት ነገር ሲበላሽ የሚያወጣው አሲድ ነው፣ እና የተበላሸው ያልተበላሸውን ይጎዳል። የሸተተውን ለብቻው ያውጡ። መጀመሪያ ስካን የሚደረገውም እሱ ነው። የተዘጋ ጣሳ ያንን ጋዝ ስለሚይዝ ኔጋቲቮቹን ወደ ወረቀት ፖስታ ያዛውሯቸው፣ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ቦታ ያስቀምጧቸው። ሲይዙ በጠርዛቸው ነው። አይጠቧቸው፣ በጨርቅም አይጥረጓቸው።

ስካን ሲያስደርጉ ኔጋቲቩን ሰጥተው አይሂዱ። ቁጭ ብለው አስደርገው ይዘው ይመለሱ። በስልክ ተነስቶ የሚሰጥዎትን አይቀበሉ፣ ለህትመት አይበቃም።

ከዚያ ደብተር ያውጡ። ፎቶው ላይ ያሉት እነማን ናቸው? የትኛው አዳራሽ ነው? በየትኛው ዓመት፣ ለየትኛው በዓል? አብረውዎት የነበሩ ሰዎች በሕይወት እያሉ ይጠይቋቸው። የድምፃዊው ስም ይገኛል፣ የከበሮ መቺው ስም ግን ካልተጠየቀ ይጠፋል። ፎቶ ሰብሳቢ ከፊርማው ቀጥሎ የሚፈልገው ይህንን ነው። እኔ እንዲያውም ከፊርማው በፊት ነው የምፈልገው።

ህትመቱ በጥጥ ወረቀት ላይ፣ ፒግመንት በሚባለው ቀለም ይሁን። ተራው ቀለም ቶሎ ይለቃል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በእጅ ማተም የሚችሉ ከሆነ ግን፣ ወረቀቱና ኬሚካሉ ከተገኘ፣ ያ ከሁሉም ይበልጣል። የእርስዎ እጅ ነካው ማለት ነው።

ፊርማው በእርሳስ ነው። እስክርቢቶ ይለቃል፣ ማርከር ከጊዜ በኋላ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ከምስሉ ሥር ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ በግራ ቁጥሩ፣ በቀኝ ፊርማዎ። ጀርባው ላይ ደግሞ ፎቶው የተነሳበት ዓመትና የታተመበት ዓመት ለየብቻ ይጻፉ። ሁለቱን ማደባለቅ ገዢን ማታለል ይሆናል፣ ምክንያቱም በተነሳበት ዘመን የታተመ ፎቶ ዋጋው ሌላ ነው። ያኔ ያተሟቸው አሮጌ ፎቶዎች ካሉዎት እነሱን ለብቻቸው ያስቀምጡ፣ በርካሽ እንዳይሰጧቸው።

ስንት ይታተም? የመጀመሪያውን ሳይሸጡ ይወስኑ። ለምሳሌ 15 ካሉ 15 ነው። ሁሉንም ዛሬ ማተም አያስፈልግም፣ ገዢ ሲመጣ እያተሙ ቁጥሩን መቀጠል ይቻላል። ለማን የትኛው ቁጥር እንደተሸጠ ደብተሩ ላይ ይስፈር። አሥራ አምስቱ ካለቀ በኋላ ግን ሚኒስትር ቢለምንዎ እንኳ አሥራ ስድስተኛ አይኖርም። ለልጆችዎ ሁለት ሦስት ከቁጥሩ ውጭ ማስቀረት ይችላሉ፣ ይህንንም ለገዢው አስቀድመው ይንገሩት።

ሕጉን በተመለከተ ልብ የሚሉት ነገር አለ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶ አንሺ በሥራው የመጠቀም መብቱ የሚጠበቀው ፎቶው ከተነሳ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። የደርግ ጊዜ ፎቶ ያንን አልፏል። አጭር ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ሕጉ እንዲህ ነው። ስለዚህ ትልቁን የስካን ፋይል ለማንም አይስጡ። ለማሳየት ትንሹን ይላኩ። ፋይሉን ሰው ይገለብጠዋል፣ ኔጋቲቩና እውነተኛው ፊርማዎ ግን እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው ያሉት፣ ዋጋ የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። ተቀጥረው በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ያነሱት ካለ ደግሞ ባለቤትነቱ የመሥሪያ ቤቱ ሊሆን ስለሚችል ጠበቃ ያማክሩ። የተነሳው ሰውም መብት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማሳየትና መሸጥ ይከለክላል። የታወቀ ሰው ሲሆን ወይም በሕዝብ ፊት የተደረገ ነገር ሲሆን የተለየ ነው ይላል ሕጉ፣ ቢሆንም ድምፃዊው በሕይወት ካለ ሄደው ያነጋግሩት። አንድ የፈረሙበት ህትመት ይዘውለት ይሂዱ። ደስታውን አስቡት።

የስካኑን አንድ ቅጂ ደግሞ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለመስጠት ያስቡበት። ከቤት ውጭ ሌላ ቦታ መቀመጡ ራሱ ዋስትና ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ፣ ገንዘብ የለኝም። መሰብሰብ እችላለሁ? ደግሞ በጣም የወደድኩት አንድ የኮንሰርት ፎቶ ድብዝዝ ያለ ነው። ጓደኞቼ «አይረባም» ይሉኛል።

መልስ፦ ድብዝዙን አትጣለው። ከሮክ ፎቶዎች ሁሉ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ክላሽ የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አባል ፖል ሲሞነን ቤዝ ጊታሩን መድረክ ላይ ሊሰብር ሲያነሳ የሚያሳየው ነው። ኒው ዮርክ፣ 1979 እ.ኤ.አ.። ያነሳችው ፔኒ ስሚዝ ራሷ ፎከሱ ልክ አይደለም ብላ ለአልበም ሽፋን እንዲሆን አልፈለገችም ነበር። ሆነ። ሰውየው ወደ እሷ እየመጣ ወደ ኋላ እየሸሸች ነው ያነሳችው፣ ያ ፍርሃት ፎቶው ውስጥ አለ። መድረክ ላይ ጭለማ ነው፣ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ መብራቱ በየሰከንዱ ይቀያየራል። ውጭ ሀገር ደግሞ ፎቶ አንሺ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ላይ ብቻ ነው፣ ያለ ፍላሽ። የፓስፖርት ፎቶ ጥራት ከዚያ አይጠበቅም። ግን ለይ፦ እጁ እየተንቀሳቀሰ የደበዘዘ ፎቶ አንድ ነገር ነው፣ ትንሽ ፋይል በግድ ተለጥጦ የደበዘዘ ህትመት ሌላ ነው። ሁለተኛውን አትግዛ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከውጭ አትጀምር። ደሴ ኮንሰርት ሲኖር ካሜራ ይዘው የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ፎቶዎቹ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተቀምጠው ይቀራሉ፣ የሚያሳትምላቸው የለም። አንዱን ፈልገህ አነጋግር። የህትመቱን ወጪ ሸፍን፣ በላዩ ላይ የቻልከውን ያህል ለእሱ ክፈል፣ በነፃ አትጠይቅ። ትንሹ መጠን ይበቃሃል፣ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር። ቁጥር ይስጠው፣ ይፈርምበት፣ ስንት እንደሚያትም ጽፎ ይስጥህ። አንድ ነገር ብቻ መርጠህ ብትሰበስብ ደግሞ ደስ ይላል፣ ለምሳሌ ማሲንቆ ተጫዋቾችን ብቻ፣ ወይም የተመልካቹን ፊት ብቻ። ጥሩ ህትመት ምን እንደሚመስል በዓይንህ ማየት ከፈለግክ፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ በሚካሄድበት ጊዜ አዲስ አበባ ብቅ በል።

ፎቶ አንሺውን ስታነጋግር ከኮንሰርቱ ማግስት አትደውልለት። የአዘጋጆቹን ሥራ ለማድረስ የሚጣደፍበት ሰዓት ነው። ሳምንት ቆይተህ ደውልና «አንተ የወደድከው የትኛውን ነው?» በለው። ቁጥር 1ን ለራሱ ማስቀረት ከፈለገ ቅር አይበልህ፣ 2ን ውሰድ።